ከምናለሽ ተራ እስከ ድሬዳዋ፤ ስለ አንድ አሮጌ መጋዝ የተደረገ ጉዞ

ሰውን ከቤቱ አስነሥቶ ለመንገድ የሚያበቃው ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፣ አንዱ ለሕክምና፣ ሌላው ስእለቱን ለማድረስ ይነሣል። እኛ ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ የተነሣነው ግን በጆንያ የተጠቀለለ አንድ የተሰበረ ብረት ተሸክመን ነበር። የጉዞውን ታሪክ ለማቅረብ የደፈርነውም ብረቱ ታሪክ የሚጻፍለት ሆኖ ሳይሆን፣ በፍለጋው መንገድ ያገኘነው ትምህርት ለየቤቱ የሚተርፍ ነው ብለን ስላመንን ነው።

በሰበካችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከዕቃ ቤቱ በስተጀርባ፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ይገኛል። በዚያ ቤት ወላጆቻቸውን ያጡና ትምህርታቸውን ያቋረጡ ዐሥራ ሁለት ወጣቶች ሙያ ይማራሉ፤ ወንበር፣ ሣጥን፣ አትሮንስ እየሠሩም ለራሳቸው የዕለት ጉርስ፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ጥቂት ገቢ ያስገኛሉ። የቤቱ ትልቅ ሀብት አንድ አሮጌ የጥብጣብ መጋዝ ነው። ይህን መሣሪያ ላላዩ ሁኔታውን ለመግለጽ ያህል፣ ቁመቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አካሉ ከጊዛ የተቀረጸ ማሽን ሲሆን፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች የሆኑ ሁለት መንኮራኩሮች አሉት። በሁለቱ መንኮራኩሮች ላይ ጥርስ ያለው ቀጭን ብረት እንደ ጥብጣብ ይዞራል፤ እንጨቱ ወደዚህ ጥብጣብ ሲገፋ፣ እጅ በመራው መስመር፣ ቀጥ ያለውንም ጠማማውንም ይቆረጣል። ለአትሮንስ እግርና ለበር ቅስት እንደዚህ ያለ መሣሪያ አይገኝም።

በማሽኑ አካል ላይ ከጊዛው ጋር አብረው የፈሰሱ የላቲን ፊደላት አሉ። ዲያቆኑ ፊደላቱን ቆጥሮ እንዳነበበልን፣ የሠሪዎቹ ስም ጊዬ፣ የተሠራበትም ከተማ በፈረንሳይ አገር የምትገኘው ኦሴር ናት። የተሠራበት ዓመት ግን አልተጻፈበትም። ብቻ ይህን ማሽን የሠሩት እጆች ካረፉ ብዙ ዘመን መሆኑን ማንም ያየው ሰው ይረዳዋል።

ስብራቱ የደረሰው በእኛው ጥፋት ነው። የክርስትና ቤቱን በር ለፋሲካ ለማድረስ ቃል ገብተን ስለ ነበር፣ ሥራው በጣም አጣድፎን ነበር። የላይኛውን መንኮራኩር የሚሸከመው ብረት በመወጠሪያ ብሎን ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ ጥብጣቡም የሚጠብቀውና የሚላላው በዚሁ ነው። ያን ዕለት ጥብጣቡ እየዋለለ ቢያስቸግረን ብሎኑን ከልኩ በላይ አጠበቅነው። ጊዛ ደግሞ ሸክምን የሚችል፣ ውጥረትንና ድንገተኛ ምትን ግን የማይወድ ብረት ነው። ተሸካሚው በድንገት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ጥብጣቡም ከመንኮራኩሩ አምልጦ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት በዚያ ሥፍራ አንድ ተማሪ ቆሞ ነበር። ልጁን ውኃ እንዲያመጣ የላከው መምህሩ፣ ዛሬም ነገሩን ሲያስታውስ ያማትባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ሆነ።

ነገሩ ለሰበካ ጉባኤው ቀረበ። ከአባላቱ አንዱ፣ በገንዘብ ጥበቃቸው የተከበሩ ሽማግሌ፣ «ማሽኑን በኪሎ ሸጠን አዲስ እንግዛ፤ የልጆቹ እጅ ከመጋዝ ይበልጣል» አሉ። አነጋገራቸው እውነት ነበረና ማንም አልተቃወማቸውም። ይሁን እንጂ ለአዲስ ማሽን የሚበቃ ገንዘብ በሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። አሮጌውም ከተሸጠ በኋላ አዲሱ እስኪገዛ ልጆቹ እንደሚበተኑ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በመጨረሻ መምህሩ ተነሥተው እስከ እኩለ ጾም ድረስ ቀን እንዲሰጣቸው ለመኑ። በዚያን ጊዜ ማሽኑ በደኅና ካልተነሣ፣ በኪሎ ይሸጥ ተብሎ ተወሰነ። እንግዲህ መምህሩ፣ ዲያቆኑና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ስብራቱን በጆንያ ጠቅልለን ወጣን።

አስቀድመን የሄድነው እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው ወደ መርካቶ ነው። ይህ ገበያ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ጣሊያኖች የአገሬውን ሰው ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ከነበረበት አንሥተው ወደ ምዕራብ ባዛወሩት ጊዜ የተቆረቆረ ነው። ስሙም ከእነርሱው ቋንቋ ቀርቷል። የሚያስገርመው ግን ስሙ ብቻ አይደለም፤ የብረት ሠራተኞቻችን አነጋገር ሁሉ ከዚያው ቋንቋ ብዙ ወርሷል። ቶርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሞርሳ፣ ጊዛ እያልን የምንናገረው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

በሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ብረታችንን ፈትተን ባሳየን ጊዜ የመጀመሪያው ነጋዴ ገልበጥበጥ አድርጎ አየና «የስንት ዓመተ ምሕረት ሞዴል ነው?» ሲል ጠየቀን። መኪና አለመሆኑን ስንነግረው ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚሁ መለሱልን። በዚያ የሚሸጠው ሁሉ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው ዕቃውን ያገኛል። የእኛ ብረት ግን ቁጥር የሌለው፣ ለአንድ ማሽን ብቻ ተብሎ የፈሰሰ ነበር።

ከዚያ ወደ ምናለሽ ተራ አለፍን። ይህን ሥፍራ የማያውቅ ሰው ከመግባቱ በፊት ድምፁን ይሰማዋል። ቆራሌው እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ልጆች የሰበሰቡት በርሜል፣ ቆርቆሮ፣ የአልጋ ሽቦ፣ የሞተር ስባሪ ሁሉ የሚፈስሰው ወደዚህ ነው። በመዶሻ ምት ከቆርቆሮው ምድጃ፣ ከበርሜሉ ምጣድ፣ ከመኪናው ሞላ መጥረቢያ ሲወጣ ይታያል። ከአገራችን ሰው ጥበብ ብዙው ማንም ሳያመሰግነው በዚህ ሥፍራ ሲሠራ ይውላል።

እኛ ግን በዚያ ክምር መካከል ስናልፍ ልባችን አዘነ። አንድ ሰው በሚዛን ላይ የጥንት የእንጨት መላጊያ ማሽን ጠረጴዛ አስቀምጦ ሲመዝን አየን። ፊቱ እንደ መስተዋት የለሰለሰ፣ በሰው እጅ ተልጎ የተስተካከለ ጊዛ ነበር። በዚያች ሰዓት በሌላ ከተማ ይህኑ ጠረጴዛ የሚፈልግ ሰው ይኖር ይሆናል እያልን ስናስብ፣ ሻጩ መዶሻ አነሣና ለመጫን እንዲመቸው ሰባበረው። የእኛም መጋዝ እኩለ ጾም ካለፈ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ በዓይናችን አየን ማለት ነው።

አንድ በዕድሜ የገፉ ቀጥቃጭ ብረታችንን ተቀብለው ስብራቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ይህ ከዚህ በፊትም ተሰብሯል» አሉን። እውነትም ቀለሙን ሲፍቁት የቆየ የብየዳ ጠባሳ ታየ፤ አዲሱ ስንጥቅ የሄደውም በዚያው ጠባሳ ዳር ነበር። ጊዛ ሳይሞቅ ከተበየደ ወይም ከተበየደ በኋላ በፍጥነት ከቀዘቀዘ፣ ከብየዳው አጠገብ እንደ ብርጭቆ ደረቅ ይሆናል። በሙሉ ሞቆ ተበይዶ፣ በዐመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ ነበረበት። «አሁን ብበይድላችሁ ገንዘባችሁን መብላት ነው፤ ልጆች የሚሠሩበት ከሆነ ደግሞ ኀጢአትም አለበት» ብለው ብረቱን መለሱልን። ቀጥለውም፣ «እንደዚህ ያለውን የሚያውቁት የሸመንደፈር ሰዎች ናቸው፤ ድሬዳዋ ውረዱ» አሉን። ያን ቀን ሥራ አጥተው አልነበረም፤ ቢሆንም ሊበይዱልን ሲችሉ እውነቱን ስለ ነገሩን እናመሰግናቸዋለን።

የተጓዝነው በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ይህ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎቱን ጀምሯል። ከለቡ ጣቢያ ማልደን ተሳፍረን አዳማን አለፍን። ከመተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ተኝቶ ይታያል፤ ውኃው ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሜዳውን እንደ ወረሰው የአካባቢው ሰዎች በሐዘን ይናገራሉ። ከአዋሽ በኋላ አገሩ ይደርቃል፤ ግራርና ግመል ይበዛል፤ ነፋሱም ይሞቃል።

በመስኮት ስንመለከት አልፎ አልፎ የአሮጌው ሐዲድ ርዝራዥ ይታየን ነበር። ዐፄ ምኒልክ ለዚያ ሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከሆነችው ሥፍራ ደረሰ። ወደ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው ስለ ከበደ፣ ባቡሩ በቆላው ቀረ፤ በዚህም ምክንያት ከተማይቱ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። በገንዘብና በመንግሥታት ክርክር ምክንያት ሥራው ለዓመታት ቆሞ፣ በመጨረሻ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመስመሩ ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያ ባቡር ጸጥ ብሏል።

ድሬዳዋ እንደ ደረስን ያረፍነው በከዚራ ነው። ከዚራ ፈረንሳዮች በቀጥታ መንገድ የነደፉት፣ ዛፎቹ ጥላ የሚሰጡበት ሰፈር ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ አለ። ደቻቱ በበጋ ሰው የሚመላለስበት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎችን ነጥቋል። የከተማው ሰው እንግዳ ወዳድ ነው። አነጋገሩም እንደ ሌላው አገር «እርስዎ» የሚበዛበት አይደለም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብሎ መጥራት ልማዱ ነው። ዲያቆናችን መጀመሪያ ላይ ደንግጦ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን ይህ አጠራር የንቀት ሳይሆን የቤተሰብነት መሆኑ ገባው።

የድሮውን የባቡር ሥራ ቤት ለማየት ተፈቀደልን። የከተማው ሰው እስከ ዛሬ አቴሊዬ ይለዋል። ሰፊ አዳራሽ ነው፤ የጥንት ቶርኖዎች፣ መብሻዎችና መቅረጫዎች በዘይት ሽታ መካከል ተደርድረዋል። በዚያ አዳራሽ ቆመን ሳለን አንድ ነገር ግልጽ ሆነልን። ያ ባቡር ብዙ ዘመን የሄደው መለዋወጫ በየጊዜው ከባሕር ማዶ እየመጣለት ብቻ አይደለም፤ የጎደለው በዚሁ አዳራሽ እየተሠራለት ጭምር ነው።

በዚያ ሥራ ቤት ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት አሉ ተብለን ወደ መጋላ ተመራን። አዛውንቱ ሙስሊም ናቸው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ ይናገራሉ። ብረቱን በደጃፋቸው ወለል ላይ ዘረጋን። ረዥም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት። ከዚያም፣ «የመጣችሁት ዕቃ ፍለጋ ነው?» አሉን። አዎን አልናቸው። «እንዲህ ያለ ዕቃ አይፈለግም፤ ይሠራል። ከእናንተ መካከል እንጨት ሠሪው ማነው?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ ራሳቸውን አመለከቱ። አዛውንቱም ፈገግ ብለው፣ «እንግዲያው እስካሁን የምትፈልጉት ሰው አብሯችሁ ሲሄድ ነበር» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዛ ቀልጦ የሚፈስሰው በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ነው፤ ለአሸዋው ቅርጽ የሚሰጠው ደግሞ ከእንጨት የተሠራ አምሳያ፣ ሞዴል የሚባለው ነው። ስለዚህ የብረት ሥራ መጀመሪያው የእንጨት ሥራ ነው። መምህሩ በአዛውንቱ ግቢ ሁለት ቀን ተቀምጠው ከዋንዛ እንጨት አምሳያውን ሠሩ። ዋንዛ ለቢላዋ የሚታዘዝ፣ የማይጣመም እንጨት ስለሆነ ለዚህ ተመራጭ ነው። አዛውንቱ እያንዳንዱን ልክ ይቈጣጠሩ ነበር። ጊዛ ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ስለሚኰማተር፣ ስብራቱ 38 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አምሳያው ወደ 4 ሚሊ ሜትር ተጨምሮለት መሠራት አለበት። ቶርኖ የሚነካው ፊት ሁሉ ተጨማሪ ውፍረት ይፈልጋል። ጎኖቹም አሸዋውን ሳያፈርሱ እንዲወጡ በጥቂቱ ዘንበል ማለት አለባቸው። መምህሩ በሠላሳ ዓመት ሙያቸው ይህን ሠርተው አያውቁም ነበር፤ በሽምግልናቸው እንደ ተማሪ እያጎነበሱ ሲለኩ ማየት ለእኛ ትልቅ ስብከት ነበር።

የዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሳምንት ነበርና፣ የአዛውንቱ ባለቤት «ጾማችሁን አውቃለሁ» እያሉ ምስርና ሽሮ ያቀርቡልን ነበር። አዛውንቱ ለስግደት ሲነሡ እኛ ሥራውን ጸጥ እናደርጋለን፤ እኛ ስንጸልይ እርሳቸው መዶሻውን ያስቀምጣሉ። አንድም ቃል ሳንነጋገርበት እንዲሁ ተስማማን።

የመጀመሪያው ፍሰት ተበላሸ። አሸዋው ውኃ በዝቶበት ኖሮ፣ የጋለው ብረት ሲነካው እንፋሎት ተነሥቶ የውስጡን አካል እንደ እንጀራ ዓይን በሳሳው። እኛ ደነገጥን፤ እኩለ ጾም እየቀረበ ነበር። አዛውንቱ ግን ማንንም አልወቀሱም። ስባሪውን በመዶሻ ሰብረው ወደ ማቅለጫው መለሱትና፣ «ብረት ደጉ ነገር ስሕተቱ ተመልሶ ይቀልጣል» አሉ። በሁለተኛው ጊዜ አሸዋው በልኩ ረጥቦ፣ ማቅለጫው ውስጥ ያረጀ የከባድ መኪና የፍሬን ታምቡር ተጨምሮ ፈሰሰ። እስከ ማግሥቱ ድረስ ከአሸዋው ሳይወጣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ። ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ በመዶሻ መታ ቢያደርጉት እንደ ደወል ጮኸ።

የቀረው የዘንጉ መቀመጫ ነበር። በጥንት ማሽኖች ዘንጉ የሚዞረው በኩሽኔታ ሳይሆን ባቢት በሚባል ለስላሳ ነጭ ብረት ውስጥ ነው። ይህን ድብልቅ ይስሐቅ ባቢት የተባለ አሜሪካዊ በ1831 ዓ.ም. ያስመዘገበው ሲሆን፣ የሚሠራውም ከቲን፣ ከአንቲሞኒና ከመዳብ ነው። የጥንት ሠሪዎች ይህን የመረጡት በጥበብ ነው፤ ዘይት ቢጎድል የሚያልቀው ለስላሳው ባቢት እንጂ ውዱ ዘንግ አይደለምና፣ ያለቀውም ቀልጦ በቦታው እንደገና ይፈስሳል። አዛውንቱ ከስባሪው ውስጥ የቀድሞውን ባቢት አቅልጠው አወጡ። ዘንጉ እንዳይጣበቅ በጥላሸት አጠቆሩት። ሙቀቱን ለመለካት ቀጭን እንጨት ነከሩበት፤ እንጨቱ ጠቁሮ ሳይነድድ ሲቀር ልኩ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያም በአንድ ትንፋሽ አፈሰሱት።

ለሥራቸው ዋጋ በጠየቅናቸው ጊዜ የከሰሉንና የቶርኖውን ወጪ ብቻ ተቀበሉ። ሁለት ነገር ግን አደራ አሉን። የመጀመሪያው፣ «አምሳያውን አትጣሉት፤ ብረቱ ቢሰበር እርሱ ይወልደዋል» የሚል ነበር። ሁለተኛውን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከልጆቼ አንድም ይህን የተማረ የለም። ከእናንተ ልጆች አንዱን ላኩልኝ፤ ቤቴ ያድራል፤ ከእኔ ጋር ይበላል። እኔ ከሞትኩ በኋላ ይህን የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ማን ይመልስለታል?» አሉን። በዚያች ሰዓት በመርካቶ መለዋወጫውን ያጣንበት ምክንያት ተገለጠልን። ከአገራችን እየጠፋ ያለው የብረቱ ቁራጭ አይደለም፤ ብረቱን የሚወልደው እውቀት ነው። ብረትማ በየክምሩ ሞልቷል።

ከእኩለ ጾም በፊት በነበረው ሐሙስ ተሸካሚው በቦታው ገባ። በመጀመሪያ ማሽኑን በእጃችን አዞርነው። ጥብጣቡ በመንኮራኩሩ መካከል ጸንቶ ሲሄድ ባየን ጊዜ ብቻ ሞተሩን አስነሣን። የገንዘብ ጠባቂው ሽማግሌም ራሳቸው መጥተው ነበር። ጆሮአቸውን አዘንብለው ድምፁን አዳመጡና፣ «መንቀጥቀጡ የለም» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኪሎ ያነሣ የለም። የክርስትና ቤቱ በር ለፋሲካ ደረሰ። አሁን ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ የጥብጣቡን ውጥረት እናላላለን፤ ሌሊቱን ተወጥሮ ማደር ብረቱንም ጥብጣቡንም ይጎዳልና። ይህን ደንብ ቀድመን ብናውቀው ኖሮ ጉዞው ባላስፈለገ ነበር።

እናንተም በየቤታችሁ የአባት የእናት ዕቃ፣ የስፌት መኪናም ቢሆን ወፍጮም ቢሆን፣ ተሰብሮ የተቀመጠ ቢኖር በኪሎ ከመሸጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡ። ስባሪውን አትጣሉ፤ ልኩ የሚገኘው ከእርሱ ነው። በላዩ የተጻፈውን ገልብጣችሁ ያዙ። ከገበያም በፊት በሰፈራችሁ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው ይባላልና። ደግሞም የእጅ ሙያ በእግዚአብሔር ዘንድ የተናቀ አይደለም። የደብተራ ኦሪትን ዕቃ ለሠራው ለባስልኤል የብረታ ብረቱንም የእንጨቱንም ጥበብ የሰጠው እርሱ ነው፤ ጌታችንም ያደገው በጸራቢው በዮሴፍ ቤት ነው።

የዋንዛው አምሳያ ዛሬ በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ልኩና የተሠራበት ቀን በጀርባው ተጽፎበታል። ከትንሣኤ በኋላ ደግሞ፣ ያን ዕለት ውኃ እንዲያመጣ ተልኮ ከአደጋው የተረፈው ልጅ፣ መቀመሪያውንና አንድ ደብተር ይዞ ወደ ድሬዳዋ ወርዷል።